አማቴ ያስፈለፈሉኝ በቆሎ

በጥቅምት፣ በቆሎ በሚሰበሰብበት ሰሞን፣ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጄን ይዤ ቡሬ አጠገብ ገጠር አማቴ ዘንድ ሄድኩላችሁ። «ዛሬ ስልክ የለም» ስላት ግቢውን በለቅሶ አናጋችው። አማቴ የደረቀ በቆሎና ጣሳ አመጡና አንድ ረድፍ ፈልፍለው አስያዟት። ፍሬው ጣሳው ውስጥ ኳ ባለ ቁጥር ትስቃለች፤ ለቅሶው የት እንደገባ እንጃ። እኔም እፎይ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ።

በእኛ አገር አማት አማቿን ፊት ለፊት አትገሥጽም። እሳቸውም ወደ ልጄ ዞረው «ያባትሽን ስልክ ተቀበይውና አንድ በቆሎ ስጪው፤ እንዳያለቅስ» አሏት። ትልቁን መርጣ አመጣችልኝ። ገና ሳላጋምሰው ስልኩ እሷ ጭን ላይ ጮኸ። እጄን ስዘረጋ፣ ሁልጊዜ በምግብ ሰዓት የምላትን መለሰችልኝ፤ ቀና እንኳ ሳትል፣ «መጀመሪያ ጨርስ!»