የጋሽ ይመር ፓስቲ በሱፍ ዘይት

(ደሴ፣ መናኸሪያ በር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ባሏ የሞተባት ፓስቲ ጠባሿ ወይዘሮ እቴነሽ ከመጥበሻው ወዲያ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ጡረተኛው የአውቶብስ ሾፌር ጋሽ ይመር ከአግዳሚው ወዲህ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ ታቅፈው።)

እቴነሽ፦ ዛሬ አልሸጥልዎትም! ፓስቲዬን ለውሻ እንደሚሰጡ ደርሼበታለሁ።

ይመር፦ ማነው ያወራው?

እቴነሽ፦ ውሻው ራሱ። ትናንት ማዕዘኑ ላይ እስኪታጠፉ ድረስ ጅራቱን እየቆላ ሲከተልዎት በዓይኔ አየሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔ እጠብሳለሁ፣ እሱ ይወፍራል!

ይመር፦ እሱም እኮ ሙያሽን አድንቋል።

እቴነሽ፦ አያላግጡ! አሥራ አንድ ዓመት ስጠብስ ጨው በዛ ያለኝ የለም፣ አረረ ያለኝ የለም። ካልጣመዎት ለምን ይገዛሉ?

ይመር፦ መጣሙ ነው ችግሩ። ሐኪሙ ከለከለኝ።

እቴነሽ፦ ፓስቲ?

ይመር፦ ፓስቲውን ሳይሆን የምትጠብሺበትን። ያ በቆርቆሮ የሚመጣው፣ እንደ ሰም ረግቶ በማንኪያ የምትዝቂው። ፈሳሹን ዘይት በፋብሪካ እንዲረጋ ሲያደርጉት ትራንስ ፋት የሚባል ክፉ ስብ ይፈጠርበታል አለኝ። ወደ ልብ የሚሄደውን የደም ሥር ይደፍናል።

እቴነሽ፦ እና ገባዎት?

ይመር፦ ሠላሳ ዓመት አውቶብስ ነድቼ የተደፈነ ቧንቧ አይገባኝም? ናፍጣው ካልደረሰው ሞተሩ ዳገት ላይ ቀጥ ነው።

እቴነሽ፦ እንግዲያው እዚህ ምን ያደርጋሉ? ሻይ ቤት እንደሆነ በየቦታው ሞልቷል።

ይመር፦ አግዳሚው ይመቸኛል።

እቴነሽ፦ ይሄ? እግሩ ተሰብሮ በድንጋይ የደገፍኩት?

ይመር፦ ወገብ ያጠነክራል። ሳይገዙ መቀመጥ ደግሞ ያሳፍራል፤ ስለዚህ እገዛለሁ።

እቴነሽ፦ ቀስ ይበሉ እንጂ፣ የአውቶብስ ረዳቶቹ ጆሯቸው እዚህ ነው።

ይመር፦ ዘይቱን ቀይሪልኝ፣ እቴነሽ።

እቴነሽ፦ ለአንድ ሰው ብዬ?

ይመር፦ ይሄ ሁሉ ተሳፋሪ ልብ የለውም?

እቴነሽ፦ ልብም አለው፣ ሱሪም አለው! የሚረጋው ሲበርድ ይደርቃል፣ ወረቀት አያርስም። በፈሳሹ አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር። ወልድያ ሊያገባ የሚሄድ ሙሽራ ኪሱ ከተተው፤ ሱሪው በዘይት ርሶ ከአማቶቹ ፊት ቆመ። ስልኬን ከየት እንዳገኘ አላውቅም፣ ከሠርጉ ላይ ደውሎ ሰደበኝ!

ይመር፦ አስቤበታለሁ። ጋዜጣውን ፍቺው።

እቴነሽ፦ ምንድን ነው? የዶሮ ቤት በር?

ይመር፦ የዘይት ማንጠፍጠፊያ ነው! የማይዝግ ሽቦ ገዝቼ ብየዳ ቤት አሠራሁት። ቅርጹን ከአውቶብስ ዕቃ መደርደሪያ ነው የወሰድኩት፤ አራት ቀን ከበያጁ ጋር ስጨቃጨቅ ከረምኩ። ፓስቲውን አታጋድሚው፣ በጎኑ አቁሚው፤ ዘይቱ ወርዶ ያልቃል። ይኸው፣ ሱፍ ዘይትም ይዣለሁ።

እቴነሽ፦ አራት ቀን? ለፓስቲ?

ይመር፦ አንድ ብቻ ጥበሺልኝ። ወረቀቱ ከራሰ ሁለተኛ አልመጣም።

እቴነሽ፦ የእውነት አይመጡም?

ይመር፦ አልመጣም። አግዳሚውን ለሌላ ስጪው።

እቴነሽ፦ ፈቀቅ ይበሉ፣ ዘይቱ እንዳይረጭብዎት።

ይመር፦ አሁን አትጨምሪውም?

እቴነሽ፦ ገና ነው። በደንብ ሳይግል ከገባ ሊጡ ይጠጣዋል። ለዚያ ሙሽራ ቸኩዬ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ይመር፦ ሱሪውን ያበላሸሽው አንቺ ነሻ!

እቴነሽ፦ ዝም ብለው ወረቀቱን ያምጡ። ይኸው፣ ቆመ። ይንጠፍጠፍ።

ይመር፦ ራሰ?

እቴነሽ፦ አይጩሁብኝ፣ እያየሁ ነው። ጠርዙ ላይ አንዲት ነጥብ አለች።

ይመር፦ በነጥብ ሰው አይባረርም!

እቴነሽ፦ ዳኛዋ እኔ ነኝ። ይቅመሱት እስቲ።

ይመር፦ እምም።

እቴነሽ፦ እምም ማለት ምንድን ነው? ይናገሩ እንጂ!

ይመር፦ አፌ ሞልቷል።

እቴነሽ፦ በሁለት ጉርሻ ጨረሱት? ሰውዬ!

ይመር፦ ድገሚኝ።

እቴነሽ፦ የለም! ሐኪሙ በዚህኛው ዘይት እስኪጠግቡ ይብሉ ብሏል?

ይመር፦ አላለም። አልፎ አልፎ፣ በትንሹ ነው ያለው። የተጠበሰበትንም ዘይት እየደጋገሙ ማሞቅ አይበጅም ብሏል። ደግሞ ሐሙስ ስትመጣ የምታበስልልህን ሴት ይዘህ ና፣ የሚበጅህን ልንገራት አለኝ።

እቴነሽ፦ ማን ያበስልልዎታል?

ይመር፦ ማንም። እንቁላል ራሴ አሳርራለሁ።

እቴነሽ፦ ታዲያ ምን አሉት?

ይመር፦ ስሟን ንገረኝ ሲለኝ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። ካርዱ ላይ ጻፈው።

እቴነሽ፦ የኔን ስም? ወይ ጉድ! ምኔ ናት ብለው?

ይመር፦ እሱን ሲጠይቀኝ ላብ አጠመቀኝ። ጎረቤቴ ናት አልኩት።

እቴነሽ፦ እኔ ሆጤ ሰፈር፣ እርስዎ ሮቢት ሰፈር! ሐኪም ይዋሻል?

ይመር፦ አጥፍቻለሁ። ዛሬውኑ ሄጄ አሰርዘዋለሁ።

እቴነሽ፦ አርፈው ይቀመጡ! ሐሙስ አዲሱን ነጠላዬን ለብሼ አብሬዎት ሄጄ፣ ምንዎ እንደሆንኩ እኔው አስጽፋለሁ።