ሳይቀመጥ የማይፈርም ሰው

ቢስሚላህ። አሰላሙ ዓለይኩም፤ እንደምን ዋላችሁ፤ አከም ኦልተን።

ማይኩን ለሾፌር የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ በኋላ ረዘመ እንዳትሉኝ። ሾፌር ፍሬን የሚያውቀው መንገድ ላይ ነው እንጂ ንግግር ላይ አይደለም። የክቡራን እንግዶች ስም ቅድም በየተራ ተጠርቷል። እኔ የምጠራው የአንድ ሰው ስም ነው፤ ዛሬ ወደ አገራቸው የምንሸኛቸውን የኢንጂነር እንየውን። በከተማችን በከሚሴና በዞኑ ወረዳዎች ሕንጻ ሲሠራ የሚቆጣጠሩ፣ ሲያልቅም «ሰው ይግባበት» ብለው የሚፈርሙ ሰው ነበሩ። እኔ ጀይሉ ነኝ። እሳቸውን ይዤ ከሰንበቴ እስከ ባቲ የዞርኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የመጡ ቀን መናኸሪያ የተቀበልኳቸውም እኔ ነኝ። «ከደብረ ብርሃን አንድ ኢንጂነር ይመጣል፣ ሄደህ አምጣው» ተባልኩ። መልካቸውን አላውቅም፣ በምን እለያቸዋለሁ ብዬ ስጨነቅ ነበር። ወላሂ አልተቸገርኩም። ወሩ ግንቦት ነው። ከአውቶቡሱ ኮት ለብሰው፣ ከኮቱ ሥር ሹራብ ደርበው፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመው የወረዱ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። የባጃጅ ልጆች እንኳ «ፋዘር፣ ሆስፒታል ነው?» እያሉ ነበር የሚጠይቋቸው።

ፒካፑ ውስጥ ገቡ። ገና ሞተር ሳላስነሳ የራሳቸውን መስኮት ዘጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣

«ወንድሜ፣ ያንተንም ብትዘጋው። ንፋስ ይመታናል» አሉኝ።

እንግዳ ናቸው፣ ዘጋሁት። ቢሮው ቅርብ መሆኑ አተረፈኝ እንጂ ዛሬ እዚህ ቆሜ ባልተናገርኩ ነበር። ቢሮ እንደገቡም የመጀመሪያ ሥራቸው መስኮት መዝጋት ሆነ። ጸሐፊያችን ረቢአ በር ላይ አስቁማ፣ «ኧረ ጀይሉ፣ ያመጣኸው ኢንጂነር ነው አራስ?» አለችኝ። ዱጋ ነው፣ እውነት ነው ረቢአ? አትደበቂ፣ ብለሻል።

ሙቀቱ ራሱ አስተማራቸው። መጀመሪያ ፎጣው ወለቀ፣ ቀጥሎ ሹራቡ። ኮቱ ግን እንደዋዛ አልተሸነፈም፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አመልማል ይመስክሩ፣ ያጠቡት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ እኚያ መስኮት ዘጊ ሰውዬ ናቸው በኋላ የዞኑን ሕንጻ ሠሪ ሁሉ በመስኮት ምክንያት እንቅልፍ የነሱት።

ኢንጂነር፣ አሁን ወደ እርስዎ ልዙር።

የኛ ከተማ ነገር ይታወቃል። ዋናው መንገድ ዳር የሚቆም ሕንጻ ፊቱን ሰማያዊ መስታወት ካላለበሰ ሕንጻ የሆነ አይመስለውም። ከውጭ ሲያዩት ያምራል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ግን ውስጡ ዳቦ ይጋግራል። ባለቤቱ ቬንትሌተር ይገዛል፤ አልበቃ ሲለው ማቀዝቀዣ ይገዛል፤ መብራት ሲጠፋ ወንበሩን ይዞ ወጥቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ያን ሁሉ ብር ለሕንጻ አፍስሶ ማረፊያው ዛፍ!

የሕንጻ ኮዱ ደግሞ መስኮቱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያስገባ፣ ምን ያህል አየር እንደሚያሳልፍ፣ ቤቱ ምን ያህል መብራት እንደሚበላ ይታይ ይላል። ይህን እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፤ ሳልፈልግ፣ መንገድ ለመንገድ። ሌላው ባለሙያ ፕላኑን ያያል፣ ሕንጻውን አንዴ ይዞረዋል፣ ይፈርማል። እርስዎ ይቀመጣሉ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በጣም በሚጋረፈው ሰዓት፣ ባዶ ክፍል መሐል ወንበር አስመጥተው፣ መስኮቱን በቦታው አስገጥመው፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እኔንም ከጎንዎ ያስቀምጡኛል። «ኢንጂነር፣ እኔ እኮ መኪናው ውስጥ ልጠብቅዎ እችላለሁ» ስል፣ «መኪናውንስ አውቀዋለሁ፣ የምፈርመው ለቤቱ ነው» ይሉኛል። በባቲ ገበያ ቀን፣ ሰዉ ግመሉን እየሸጠና እየለወጠ ሲውል፣ እኛ አንድ ያልተመረቀ መጋዘን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ላባችንን ስንጠርግ ነበር። በመስኮት ያየን አንድ የአፋር ሽማግሌ «ታስራችሁ ነው?» ብሎናል።

ሙሳ እዚህ አለ፤ መስታወትና አሉሚኒየም የሚሸጠው ሙሳ። ይፈቅድልኛል፣ ወዳጄ ነው። ጥሩ መስታወት ሲመጣ ሙቀት ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚናገር ወረቀት ተለጥፎበት ይመጣል። ሙሳ ያቺን ወረቀት ከአንዱ መስታወት በጥንቃቄ ልጦ ሌላው ላይ ለጠፋት። እርስዎ መጡ፤ ወረቀቷን አላነበቡም። ልጅ ትኩሳት እንደያዘው ሲጠረጠር ግንባሩ እንደሚዳሰሰው፣ በእጅዎ ጀርባ መስታወቱን ዳሰስ አደረጉት።

«ሙሳ፣ ይህ መስታወት ይህችን ወረቀት ያውቃታል?»

«እንዴት አያውቃትም ኢንጂነር! አብረው ነው የመጡት!»

«እንግዲያው ና፣ አብረን እንቀመጥ።»

ተቀመጡ። ሙሳ መጀመሪያ ግንባሩን ጠረገ፣ ቀጥሎ አንገቱን፣ ቀጥሎ ኮፍያውን አውልቆ ማራገብ ጀመረ። በመጨረሻ፣ «ወላሂ ኢንጂነር፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ መስታወቱና ወረቀቷ የተዋወቁት ትናንት ማታ ነው» አለ። አልጮኹበትም፣ አልከሰሱትም፤ አስቀየሩት ብቻ። ዛሬ ሙሳ ራሱ ለደንበኛው ምን ይላል መሰላችሁ? «መስታወት ከመምረጥህ በፊት ለኢንጂነሩ ወንበር አዘጋጅ» ይላል።

ሳቃችሁ ይባረክ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የሚያስቅ አይደለም።

ቆላው ላይ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ስሙን አልጠራም፣ አዲስ የወሊድ ክፍል ተሠራለት። የምረቃው ቀን ተቆርጧል፣ ድንኳን ተተክሏል፣ ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ መጋረጃ ለብሷል። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነበር። ክፍሉ በምዕራብ በኩል ሙሉ በሙሉ መስታወት ነው፤ እሱም የማይከፈት መስታወት። እርስዎ ፍራሽ ያልተነጠፈበት አልጋ ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን እኔ መግባት አቅቶኝ በር ላይ ቆምኩ። ሲወጡ ሸሚዝዎ ጀርባዎ ላይ ተጣብቋል፣ ፊትዎ ቀልቷል።

«ጀይሉ፣ እዚህ ውስጥ ሰው አይወለድም» አሉኝ።

በማግስቱ ያኔ የነበሩት ኃላፊ አስጠሩዎት። ዛሬ እዚህ የሉም፣ አላማቸውም፤ እሳቸውንም ከላይ የሚያስጨንቃቸው ነበር። በሩ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰምተናል።

«ኢንጂነር፣ መስኮት እኮ ነው!»

«አዎ፣ መስኮት ነው።»

«እንግዶቹ ተጠርተዋል። ይፈርሙና መስኮቱ ቀስ ብሎ ይስተካከላል።»

«እናቶቹ ቀስ ብለው አይወልዱም» አሉ። «ሌላ ሰው መፈረም ይችላል፣ አልከለክልም። የሚፈርመው ሰው ግን መጀመሪያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ከእኔ ጋር እዚያ አልጋ ላይ ይቀመጥ።»

የሚቀመጥ ጠፋ። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ምረቃው ቀረ።

እውነት ለመናገር፣ እርስዎም ያኔ ተሳስተው ነበር። ተቋራጩን ጠርተው በመስታወቱ ፋንታ ትልልቅ የሚከፈቱ መስኮቶች ይግቡ አሉ። ለኮዱ ይበቃል፣ አየር እንደልብ ይገባል። አዋላጇ ሰሊማ ይህን ሰምታ፣ እጅዎን ይዛ ወደ አሮጌው የወሊድ ክፍል ወሰደችዎት። እዚያ የሚከፈት መስኮት አለ። አንዱም አልተከፈተም። ሁሉም ላይ ብርድ ልብስ ተወትፏል፣ ጋቢ ተሰቅሏል።

«ኢንጂነር፣ በዚህ አገር አራስ ላይ መስኮት የሚከፍት ሰው ገና አልተወለደም» አለችዎ። «ንፋስ ይመታታል ይላሉ። እኔ በጠዋት እከፍታለሁ፣ አማት ከኋላዬ ትዘጋለች። እርስዎ ትልቅ መስኮት ቢሠሩ ትልቅ ብርድ ልብስ ያመጣሉ።»

እርስዎ ብቻዎን ሳቁ። «ንፋስ ፈርቼ የመጣሁ ሰው ንፋስ ፈሪን ረሳሁ» አሉ። ጣሪያውን ቀና ብለው እያዩ ጠየቋት፤ «ንፋሱ አራሷን ሳይነካት ሙቀቱ ብቻ ቢወጣስ? መስኮቱ እዚያ ላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር ቢሆን፣ በዚህም በዚያም ወገን?»

ሰሊማ ቀና ብላ አየች። «እዚያማ አማትም አትደርስበት» አለች።

እንደዚያው ተሠራ። የምዕራቡ መስታወት አብዛኛው በግንብ ተደፈነ፤ የቀረው የሚከፈት ሆኖ ከውጭ የፀሐይ መከለያ ተደረገለት፤ ከፍ ብለው ጠባብ መስኮቶች በሁለቱም ወገን ወጡ። ሥራው ሲያልቅ እንደገና ሄድን፣ እንደገና ተቀመጡ። እኔ ውጭ ብጠብቅ ብጠብቅ አልወጣ አሉ። ምን ሆኑ ብዬ ብገባ እንቅልፍ ወስዶዎታል። ቀሰቀስኩዎት። ያኔ ፈረሙ።

ምረቃው ላይ አልተጠሩም። እብነ በረዱ ላይ ስምዎ የለም። ከዚያ ወዲያ ከቁጥጥር ሥራ ተነሥተው መዝገብ ክፍል ገቡ፤ ይጠብቁት የነበረውም እድገት ለሌላ ተሰጠ። ፒካፑ ውስጥ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገሬ ሰው። እርስዎ ከዚያ ሁሉ ሕንጻ ሠሪ አንድ ሻይ እንኳ በነጻ እንዳልጠጡ እኔ ምስክር ነኝ። አንድ ቀን ግን ደፍሬ፣ «ኢንጂነር፣ አይቆጭዎትም?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ይቆጨኛል» አሉኝ። «ልጆቼን ደህና ቦታ የማስተምርበት ነበር። እንዴት አይቆጨኝም? ግን ጀይሉ፣ እኔ እዚያ ክፍል ተቀምጬበታለሁ» አሉ። ወይዘሮ አመልማል፣ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ የጎደለውን የሸፈኑት እርስዎ ነዎት። አላህ ይክፈልዎ። እኛም እናመሰግናለን።

አሁን እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ።

ልጄ ዓፊያ ያገባችው እዚያው ቆላ ነው። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ምጥ ያዛትና እዚያ ጤና ጣቢያ ገባች። መብራት ጠፍቷል፣ ጄኔሬተሩ ተበላሽቷል። እኔ ስደርስ ልጁ ተወልዷል። ሰሊማ ወጥታ፣ «ጀይሉ፣ ደም ብዙ ፈሷታል። ቆሟል፣ አልሃምዱሊላህ፤ አሁን የሚያስፈልጋት እረፍት ነው። እንቅልፍ ከወሰዳት ጥሩ ነው» አለችኝ። ውጭው እሳት ነው፤ ውሻው እንኳ ከጥላው አልነቃነቅ ብሏል። በዚህ ሙቀት እንዴት ትተኛለች ብዬ ሰጋሁ። ሰው እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚያስብ የደረሰበት ያውቀዋል። ኢንጂነር፣ እኔ ልጄን አጣሁ ብዬ ነበር።

ገባሁ። አማቷ ታች ያለውን መስኮት ሁሉ ዘግታ ጋቢ ሰቅላበታለች። ቀና ብዬ አየሁ። ላይኞቹ ክፍት ናቸው። ማንም አልደረሰባቸውም። ሙቀቱ ወደ ላይ እየሸሸ፣ ታች ያለው አየር ለሰው የሚሆን ነበር። ዓፊያ ተኝታለች፤ ልጁ ደረቷ ላይ ተኝቷል። አማቷ በምልክት «እንዳታስነሳት» አለችኝ። ወጥቼ ከፒካፑ ኋላ ቆምኩና አለቀስኩ።

ማግስቱን ልነግርዎ መዝገብ ክፍል መጥቼ ነበር። ፊትዎን ሳይ ግን «ደህና አደሩ?» ብዬ ተመለስኩ። ዓፊያ አሁን ደህና ናት፤ ማሻአላህ፣ ልጁም ድክ ድክ ይላል።

ሐኪም ያዳነው ሰው መጥቶ እጁን ይስመዋል። እርስዎን ማን መጥቶ ይስምዎታል? እርስዎ ሥራዎን በደንብ ሲሠሩ ሰው ይተኛል፣ በቃ። የተኛ ሰው ደግሞ አያመሰግንም፤ ማን እንዳስተኛውም አያውቅም።

በኛ ወግ ከብርጭቆ በፊት ዱዓ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አሚን በሉ። ዕድሜዎን ያርዝመው። ጉልበትዎ አይክዳዎት። ልጆችዎ የለፉበትን ያግኙ። የከሚሴ ሰው ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ በርዎን ያንኳኳ፤ እርስዎም ከፍተው ያስገቡት።

እንግዲህ ለስላሳም ይሁን ውሃ፣ በእጃችሁ ያለውን አንሱ። ዛሬም ይህን ስናገር እዚያ ክፍል ውስጥ አንዲት አራስ ተኝታለች። ስምዎን ሰምታ አታውቅም፤ ወደፊትም አትሰማም። ኢንጂነር እንየው፣ በእሷ ፋንታ እኔ ነቅቼ ቆሜያለሁ፤ ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ። ነጋት ገላ፣ በሰላም ይግቡ።