የቤተ ሙከራው የኋላ በር

የምስክሯ ስም፦ በራሷ ጥያቄ ያልተገለጸ
ዕድሜ፦ 21
ሥራ፦ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ
አድራሻ፦ የዩኒቨርሲቲው የሴቶች ማደሪያ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 9

እኔ ምስክሯ በዚህ ዓመት መጀመሪያ ከአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ወደዚህ የተዛወርሁት እናቴ ስለታመመች ለቤት ልቅረብ ብዬ ነው። ክፍላችን ትንሽ ነው። ሁሉም ከመጀመሪያው አብረው የተማሩ በመሆናቸው ለጥቂት ሳምንታት የሚያናግረኝ ሰው አጥቼ ቆየሁ። ወንበር ስባ አጠገቧ ያስቀመጠችኝ በእሳቱ የተጎዳችው ልጅ ብቻ ናት። ሳቋ ስለሚቀድማት ሁሉም "ሳቂታ" ይሏታል።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በቤተ ሙከራ ውስጥ ባክቴሪያ የምንዘራበትን የመስታወት ዘንግ አልኮል ውስጥ እየነከርን በኩራዝ እሳት እናጸዳ ነበር። መምህሩ በስልክ ሊነጋገር ወጣ። የአልኮሉ ዕቃ ከሥሩ ተሰንጥቆ ኖሮ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰና ከኩራዙ እሳት ያዘ። ሳቂታ በዚያን ጊዜ አልቀለደችም፤ አጎንብሳ ማይክሮስኮፕ እያየች ነበር። እጅጌዋ ሲያያዝ ጋውኔን አውልቄ ክንዷን ጠቀለልሁት። እሳቱ ዋናውን በር ስለዘጋብን ወደ ኋላው በር ሮጥን። በሩ ግን አልከፈት አለ። በርጩማ አንስተን መስኮት ሰብረን እስክንወጣ ድረስ ሳቂታ በሩ ሥር ወድቃ ነበር፤ ተሸክመን በመስኮቱ አወጣናት። ጓሮ ስንደርስ በሩ ከውጭ በጋን ቁልፍ መቆለፉን በዓይኔ አይቻለሁ። ሐኪሙ እንደነገረን ከቃጠሎው ይልቅ የጎዳት ጭሱ ነው።

በማግሥቱ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮው አስጠራኝ። ሻይ ካዘዘልኝ በኋላ ልጅቷ አልኮሉን በጨዋታ እንደደፋችው፣ የኋላው በርም ክፍት እንደነበረ ነገረኝ። እኔ እንደዚያ እንዳላየሁ ስገልጽለት፣ "አንቺ ገና እንግዳ ነሽ። እዚያ የወሰድሻቸው ኮርሶች እኮ እዚህ አልጸደቁልሽም" አለኝ። የሁለት ዓመት ልፋቴ ውሃ ሲበላው ታየኝ። ሻዩን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ስሄድ ሳቂታ ተኝታ ነበር። እናቷ ወደ ኮሪደሩ ይዘውኝ ወጡና፣ "ልጄ፣ በገዛ ቅብጠቷ ነው አሉኝ። አብረሻት ነበርሽ፤ እውነት ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"አይደለም እማማ። በሩ ተቆልፎብን ነው" አልኋቸው።

ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ከዚያም፣ "ስትነቃ ለራሷም ንገሪልኝ። ኃላፊው መጥቶ ከሄደ ወዲህ እኔ ነኝ ያጠፋሁት እያለች ነው" አሉኝ።

እስክትነቃ ጠብቄ ነገርኋት። እጄን ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። ከሆስፒታሉ በቀጥታ የመጣሁት ወደዚህ ፖሊስ ጣቢያ ነው።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ። የጨመርሁትም የደበቅሁትም የለም፤ ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________