በአንድ ገጽ ሁለት ልኬት

ከሩቅ አገር ተምሮ ከመጣ ሁለት ሳምንት ያልሞላው ወጣት ወደ አጎቱ የልብስ ስፌት ቤት ሲያመራ፣ ደረጃው ሥር ቆመው ልውጣ አልውጣ የሚሉ ሽማግሌ አገኘ።

«ልጄ፣ ልብስ ሰፊው አለ?»

«አጎቴ ናቸው፣ አሉ። ይግቡ እንጂ!»

«እንግዲያው ቀድሜህ አልገባም። በካውያ ነው የሚቀበለኝ።»

አጎትየው ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ሽማግሌው የወጣትነት ባልደረባቸው ነበሩ፤ ጨርቅ አቆራረጥ ስለሚያውቁበት «መቀሱ» ይባላሉ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሰክረው ሥራ ገብተው የአንድ ሙሽራ ጨርቅ ካበላሹ በኋላ ጥፋቱን በአጎትየው ላይ አላከኩ፤ አጎትየውም ከሥራ ተባረሩ።

«ቅዳሜ ልጄን እድራለሁ» አሉ መቀሱ። «ኮት እንድትሰፋልኝ ነው የመጣሁት። ይቅርታህንም ፈልጌ።»

አጎትየው የልኬት መዝገባቸውን አወረዱ። በዚህ ቤት ደንበኛ የሚለካው በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው። ኮቱ ጠበበኝ የሚል ቢመጣ «ኮቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ሆድህ ነው» ተብሎ ይሸኛል። የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ የመቀሱ ነው፤ ሁለቱ ሥራ ሲለማመዱ እርስ በርስ ተለካክተው ነበር።

«ልኬትህ ይኸው። በዚሁ እሰፋልሃለሁ። ይቅርታውን ግን እንዳመጣኸው ይዘኸው ሂድ።»

ወጣቱ አላስቻለውም። ባሕር ማዶ ፍልስፍና ሲማር እንቅልፍ የነሳው «ሰው ከተለወጠ በኋላ ያው ሰው ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ እግር አውጥቶ ፊቱ ቆሟል!

«አጎቴ፣ እዚህ ደረት ሰማንያ ስምንት ይላል! ይህ ሰው ዛሬ የለም! ሥጋው ተለውጧል፣ ሐሳቡ ተለውጧል፤ የቀረው ስም ብቻ ነው። እርስዎ የተቀየሙት የሌለ ሰው ነው!»

«ስማ አንተ ፈላስፋ! ጨርቁን ያበላሸው ታዲያ ማን ነው? ጥላው?»

«የዚያን ጊዜው ሰው ነዋ! እሱ አልፏል።»

«እሺ። የዛሬ ስምንት ዓመት "ተምሬ እመለሳለሁ" ብሎኝ የሄደው ልጅስ አልፏል? ባለፈው ሰሞን እንባዬን እያፈሰስኩ ያቀፍኩት የማንን ልጅ ነው?»

ወጣቱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እውነቱን ለመናገር፣ ከተመለሰ ጀምሮ በገዛ አልጋው ሲተኛ የሰው አልጋ እየመሰለው ተቸግሯል።

መቀሱ ሳቁ። «ተው ልጄ፣ በደሌን አትንጠቀኝ። ለእኔ አዝነህ ነው፣ እግዜር ይስጥህ። ጨርቁን ያበላሸው ሌላ ሰው ከሆነ ግን እኔ ምን ቤት ነኝና ይቅርታ እጠይቃለሁ? ያ ሰካራም እኔው ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልጠጣሁት ይህን ስለማልረሳ ነው።»

ወጣቱ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «አገኘሁት! አጎቴ፣ ሁለታችንም ተሳስተናል! እኔ ተለውጧል ብዬ ሰውየውን አጠፋሁት፤ እርስዎ ደግሞ ያው ነው ብለው እንዳይለወጥ ከለከሉት። የትናንት ሥራውን "የእኔ ነው" ብሎ እስከተሸከመ ድረስ ሰውየው አለ። የተሸከመበት ትከሻ ግን ሰፍቷል! ይለኩታ!»

አጎትየው ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ።

«እጅህን አንሣ።»

መቀሱ እንደ ልጅ ታዘዙ።

«ደረት መቶ አራት! ኧረ ይሄ ሰውዬ ጓደኛዬን ውጦታል!» አሉ አጎትየው፤ ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ተሰበረና ተቃቀፉ።

«አዲስ ገጽ ልግለጥ?» አለ ወጣቱ ብዕሩን አንሥቶ።

«ለማን? ከሥሩ ጻፍ። ሰውየው ያው ነው።»

ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ደንበኛ በመጣ ቁጥር ይለካል፤ አዲሱ ልኬት ከአሮጌው ሥር ይጻፋል። ጠበበኝ ሰፋኝ ብሎ የሚመለስ ጠፋ፤ አኩርፈው የቀሩትም አንድ በአንድ መጡ። ቂም የያዝን ሁሉ የበደለንን ሰው እንደገና ብንለካው ምናልባት በአሮጌ ልኬት ስንፈርድበት እንደኖርን እናይ ይሆናል። የበደልንም ብንሆን፣ ጥፋታችንን የእኛ ነው ካላልን የመሻሻላችን ምስጋና ለማን ይደርሳል?

በዚያው ቀን መቀሱ ከሄዱ በኋላ አጎትየው ሌላ ገጽ ገለጡ። «አንተስ? ቅዳሜ ሠርጉ ላይ አብረኸኝ ነህ። ና፣ ቁም።»

ወጣቱ ከሜትሩ ሥር ቆሞ፣ ከስምንት ዓመት በፊት የተጻፈውን የራሱን ጠባብ ትከሻ አነበበ። አዲሱን ቁጥር ከሥሩ የጻፈው በገዛ እጁ ነው።