ፈጻሚ የሚለው ዓምድ

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ ወር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህር አቶ ልዑልሰገድ በኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ የመታጠቢያ ቤታቸው በር ላይ ቆመዋል፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርሲት ሳሎን ተቀምጠዋል፣ ለአካባቢ ተስማሚ «ሞዴል ቤት» የሚመርጡት ሰዎች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ።

ልዑልሰገድ፦ እባክሽ ትርሲት፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ! ጎረቤት አስቀምጪው። ሲሄዱ ተመልሶ ይመጣል።

ትርሲት፦ ማን ነው የሚመልሰው?

ልዑልሰገድ፦ እሺ፣ ትመልሺዋለሽ። ምን ልዩነት አለው?

ትርሲት፦ ምንም። እንደው ለማወቅ ያህል ነው።

ልዑልሰገድ፦ ግማሽ ጆንያ ከሰል! በእኔ ቤት! መታጠቢያ ቤት በር ጀርባ! ባለፈው እሁድ ግቢው መሀል ቆሜ «ከሰል ከየቤታችን ይውጣ» ያልኩት እኔ አይደለሁም?

ትርሲት፦ አንተ ነህ። አጨብጭቤልህ የለ?

ልዑልሰገድ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ትርሲት፦ ከጥቅምት። ብርዱ ሲጠነክር።

ልዑልሰገድ፦ ሁለት ወር ሙሉ! እኔ የት ሄጄ ነው ያላየሁት?

ትርሲት፦ ስብሰባ።

ልዑልሰገድ፦ ቀልዱን ተይው። በይ ተነሺ፣ ጊዜ የለንም።

ትርሲት፦ አልነሳም ልዑሌ። ደክሞኛል። ካስቸገረህ አንተ ውሰደው።

ልዑልሰገድ፦ እኔ? ጆንያ ተሸክሜ ደረጃ ላይ ብታይስ? ሰው ምን ይላል?

ትርሲት፦ ጆንያ ተሸከመ ይላል።

ልዑልሰገድ፦ በቃ፣ እሱን ቆይተን እናየዋለን። ጋቢዬን የት አደረግሽው? ጋቢ ደርቤ ነው የምቀበላቸው።

ትርሲት፦ ጋቢህን ምስሩ ለብሶታል።

ልዑልሰገድ፦ ማን?

ትርሲት፦ ምስሩ። «ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ አውርዶ በወፍራም ልብስ መጠቅለል፤ በገዛ ሙቀቱ ይበስላል፣ መብራት ይተርፋል።» ያንተው ንግግር ነው።

ልዑልሰገድ፦ በእኔ ጋቢ ግን አላልኩም!

ትርሲት፦ በማን ጋቢ ነው ያልከው?

ልዑልሰገድ፦ ይሁን፣ ይሁን። እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ሲመጡ ገልጠሽ ታሳዪያቸዋለሽ። እኔን ያናደደኝ ያ የሦስተኛው ፎቅ ግድግዳ ነው። ሲወጡ እሱን ሳያዩ አያልፉም። ባዲስ ቀለም ላይ ጥቁር የእጅ ምልክት! ማን እንደሆነ አላውቅም፣ በየቀኑ እየመጣ እዚያው ቦታ ላይ ይለጥፋል። ማስታወቂያ አወጣሁ፣ አልሰማም።

ትርሲት፦ አይቼዋለሁ። «ግድግዳ የምታቆሽሹ ሰዎች፣ ሥልጡን ሁኑ።»

ልዑልሰገድ፦ ጠንከር ብሏል እንዴ?

ትርሲት፦ በቀይ እስክሪብቶ ነው የተጻፈው።

ልዑልሰገድ፦ ይገባዋል። በይ አሁን ለሰዎቹ የሞላሁትን ቅጽ ያዢና ጠይቂኝ። እነሱን ሁኚ። ፊታቸው እንዳልደናበር።

ትርሲት፦ የመነጽሬን ማኅደር ክፈትልኝ።

ልዑልሰገድ፦ ምነው፣ ምን ሆነሻል?

ትርሲት፦ ክፈትልኝ ብቻ። እ... ጥሩ። «ተራ ቁጥር አንድ። ተግባር፦ ለማገዶም ሆነ ለሙቀት ከሰል አለመጠቀም። ፈጻሚ፦ አቶ ልዑልሰገድ።»

ልዑልሰገድ፦ እሱን ዝለይው።

ትርሲት፦ «ሁለት። ልብስ ያለ ማሽን፣ በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ። ፈጻሚ፦ አቶ ልዑልሰገድ።»

ልዑልሰገድ፦ እህ... ቀጥዪ።

ትርሲት፦ «ሦስት። የእቃ እጣቢ ውሃ ለጓሮ አትክልት ማዋል። ፈጻሚ፦ አቶ ልዑልሰገድ።» ልዑሌ፣ ጎመኑ የት እንደተተከለ ታውቃለህ?

ልዑልሰገድ፦ ታች ነዋ!

ትርሲት፦ ታች የት?

ልዑልሰገድ፦ ከብሎኩ ጀርባ... አጥሩ ጋ... ታች! ሰዎቹ የጎመን አድራሻ አይጠይቁም።

ትርሲት፦ «አራት። ገበያ በእግር፣ ዘንቢል ይዞ መሄድ፤ ፌስታል ወደ ቤት አለማስገባት። ፈጻሚ፦» እሱ ነው። ለመሆኑ ዘንቢላችን ምን ዓይነት ነው?

ልዑልሰገድ፦ ቢጫ።

ትርሲት፦ ቢጫው ከተቀደደ ዓመት አለፈው። «አምስት» ጋቢህ ነው፣ አለፍነው። «ስድስት። ውሃ በፀሐይ ማሞቅ። ጥቁር የተቀባ በርሜል በረንዳ ላይ ማስቀመጥ። ፈጻሚ፦ አቶ ልዑልሰገድ።»

ልዑልሰገድ፦ በዚህስ አትምጪብኝ! ይሄ የራሴ ነው። ጥቁር ቀለሙን ያስመጣሁት እኔ፣ የቀባሁት እኔ። ፎቶውን አንስቼ ለብሎኩ ሰው በሙሉ ልኬያለሁ።

ትርሲት፦ ቀብተሃል፣ አይካድም። እስቲ ሂድና አንኳኳው።

ልዑልሰገድ፦ ምኑን?

ትርሲት፦ በርሜሉን። በጣትህ።

ልዑልሰገድ፦ ... ባዶ ነው።

ትርሲት፦ ከተቀባ ጀምሮ ባዶ ነው።

ልዑልሰገድ፦ እንዴት ባዶ ይሆናል? እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳሳይ የነበረው ይሄን አይደል?

ትርሲት፦ ሰው ክዳኑን አይከፍትማ። ቧንቧው እዚህ ፎቅ ላይ በሳምንት አንዴ ጠብ ቢል ነው። ከታች ካለው ታንከር በየቀኑ አራት ጀሪካን አመጣለሁ፤ ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለእቃ፣ ለልብስ። በርሜሉ ደግሞ ለብቻው አራት ይፈልጋል። ስምንት አልቻልኩም።

ልዑልሰገድ፦ ታዲያ አትነግሪኝም?

ትርሲት፦ በረንዳውን ስታሳይ ደስ ይልህ ነበር።

ልዑልሰገድ፦ ስሚኝ ትርሲት። ይሄ ቅጽ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዕቅድ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ፈጻሚ በሚለው ዓምድ ውስጥ የሚገባው ኃላፊው ነው። አሠራሩ እንደዚያ ነው እንጂ አንቺን ለመደበቅ አይደለም።

ትርሲት፦ ትምህርት ቤትህን ስትጠርግ የነበረችው ሴትዮ ማን ትባል ነበር?

ልዑልሰገድ፦ የቷ?

ትርሲት፦ አየህ። ዕቅዱ ላይ የለችማ።

ልዑልሰገድ፦ እሺ፣ ምን ፈለግሽ? ሥራውን ጠላሁት በይኛ! በግልጽ ተናገሪ! ከሰሉም ይግባ፣ ፌስታሉም ይመለስ፣ ምስሩም ሲንተከተክ ይዋል!

ትርሲት፦ አትጩህ፣ ራሴን ታዞረዋለህ። ሥራውን አልጠላሁትም። ነገሩ ካንተ ቀድሞ የገባው ለእኔ ነው። እናቴ ጓሮ የነበረችውን ምንጭ ታውቃታለህ፣ ስታገባኝ ፊትህን ታጥበህባታል። በቀደም ለለቅሶ ስሄድ ድንጋይ ብቻ ሆና አገኘኋት። ከላይ የነበረውን ዛፍ እየቆረጥን ለከሰል የሸጥነው እኛው ነን፣ አባቴም ጭምር። ዝናቡም እንደ ድሮው ቀን አይጠብቅም። ይሄን ሁሉ አይቼ ሥራውን እንዴት እጠላለሁ? ብቻዬን ሆንኩበት። በቃ፣ ደከመኝ።

ልዑልሰገድ፦ ይሄን እያወቅሽ ነው ከሰል የገዛሽው?

ትርሲት፦ እያወቅሁ ነው የገዛሁት። በገዛሁ ጊዜ አባቴ ትዝ ብሎኝ አፍሬያለሁ።

ልዑልሰገድ፦ ለምን ታዲያ?

ትርሲት፦ እጄን ላሞቅበት።

ልዑልሰገድ፦ ለእጅ? ለእጅ ብለሽ ነው ግማሽ ጆንያ?

ትርሲት፦ ና እስቲ እዚህ። ያዘው። ቀስ! አትጫነው።

ልዑልሰገድ፦ ... ጣቶችሽ ለምን አይታጠፉም?

ትርሲት፦ ጠዋት ጠዋት አይታጠፉም። ድሮ ረፋድ ላይ ይፈቱልኝ ነበር፣ አሁን ይኸው ስምንት ሰዓትም አልፏል። በረንዳ ላይ ትንሽ አቀጣጥዬ፣ ከእሳቱ በላይ ዘርግቻቸው፣ ትንሽ ውሃም ለብ አድርጌበት ነው ልብሱን የምጨርሰው። ሐኪሟ «ቀዝቃዛ ውሃ የሚባል እንዳትነኪ» ብላኛለች።

ልዑልሰገድ፦ ሐኪም? መቼ ነው ሐኪም ቤት የሄድሽው?

ትርሲት፦ ለወረዳው ሰዎች ስለ ተራ ቁጥር ሁለት ገለጻ ያደረግህ ቀን።

ልዑልሰገድ፦ እኔ ባልሽ አይደለሁም? እንዴት ይሄን ትደብቂኛለሽ?

ትርሲት፦ ልጃችን ማጠቢያ ማሽን ገዝታ የላከች ጊዜ ምን ብለህ መለስከው? «ሶስና፣ ሞዴል ቤት ውስጥ ማሽን አይገባም። እናትሽ ደግሞ ጠንካራ ናት።» አጠገብህ ቆሜ ነበር። ጠንካራ ነሽ የተባለ ሰው በማግሥቱ እጄን አመመኝ ይላል?

ልዑልሰገድ፦ ማሽኑ መብራት ይበላል ብዬ እኮ ነው...

ትርሲት፦ እኔንስ ምን ይበላኛል? ይሄን ቅጹ አይጠይቅም። ተቀመጥ። ቆመህ አትየኝ።

ልዑልሰገድ፦ ትርስዬ፣ ክፉ ሆኜ አይደለም። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። በነዚህ ሁለት ዓመታት «መምህር» ብሎ ይሄን በር ያንኳኳ ሰው የለም። ዛሬ አራት ሰው ደብተር ይዞ እኔን ሊጠይቅ ይመጣል። ያቺን «ሞዴል ቤት» የምትል ቆርቆሮ በራችን ላይ ሲመቱልን... ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅ ሆኛለሁ መሰለኝ።

ትርሲት፦ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ዝም ያልኩት ለምን መሰለህ?

ልዑልሰገድ፦ አሁን ምን ላድርግ? ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው።

ትርሲት፦ ጀሪካኑ ኩሽና ውስጥ ነው።

ልዑልሰገድ፦ አሁን?

ትርሲት፦ ፀሐይዋ አሁን ናት። በኋላማ ብርድ ነው።

ልዑልሰገድ፦ ኮቴንስ? ሰዎቹ ቢመጡ...

ትርሲት፦ አውልቀው። ውሃ በኮት አይቀዳም።

ልዑልሰገድ፦ ኡፍ... እሺ። ሄድኩ።

ትርሲት፦ ልዑሌ! ስማኝማ፣ በረንዳው ላይ ነኝ! ከታንከሩ በስተግራ ያለው ቧንቧ ነው! የቀኙ ደረቅ ነው!

ልዑልሰገድ፦ አግኝቼዋለሁ! ሰልፍ አለ!

ትርሲት፦ ሁሌም አለ! መጨረሻው ጋ ቁም!

ልዑልሰገድ፦ «መምህር ይቅደሙ» እያሉኝ ነው!

ትርሲት፦ እንዳትቀድም! እኔን ማንም ቅደሚ ብሎኝ አያውቅም!

ልዑልሰገድ፦ እሺ! ... እሺ፣ ቆምኩ!

ትርሲት፦ ክዳኑን አጥብቀው! አለዚያ ግማሹ ደረጃ ላይ ይቀራል!

ልዑልሰገድ፦ ገባኝ አልኩ እኮ!

ትርሲት፦ ... ግባ፣ ግባ። እዚህ አስቀምጠው። ከሁለተኛው ፎቅ ጀምሮ ትንፋሽህ ይሰማኝ ነበር። ፊትህ አመድ መስሏል።

ልዑልሰገድ፦ አን... አንድ ደቂቃ።

ትርሲት፦ አትናገር። መጀመሪያ ተንፍስ።

ልዑልሰገድ፦ ሦስተኛው ፎቅ ላይ... ጉልበቴ ከዳኝ። ግድግዳውን ተደገፍኩት።

ትርሲት፦ እህ።

ልዑልሰገድ፦ ቀና ስል እጄ ምልክቱ ላይ አርፏል። እላዩ ላይ። የእኔ እጅ ግን ከምልክቱ ሰፊ ነው።

ትርሲት፦ ሰፊ ነው፣ አዎ።

ልዑልሰገድ፦ ውሃ ተሸክሞ እዚያ የደረሰ ሰው ሌላ የሚደገፍበት ቦታ የለውም።

ትርሲት፦ የለውም።

ልዑልሰገድ፦ የከሰል ጥቁር ነው። ሁለት ወር ሙሉ ማን ነው እያልኩ...

ትርሲት፦ ልጠርገው አስቤ ነበር። ጨርቁን መጭመቅ አቃተኝ።

ልዑልሰገድ፦ ሥልጡን ሁኑ ያልኩት አንቺን ነው? 

ትርሲት፦ በቀን አራቴ አነበው ነበር። አንዳንዴ ትንፋሼ እስኪመለስ ድረስ ሁለቴ። የእጅ ጽሕፈትህ ግን ዛሬም ያምራል።

ልዑልሰገድ፦ ቀድጄዋለሁ። ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። ትርስዬ... አፈርኩ። ምን እንደምል አላውቅም።

ትርሲት፦ ምንም አትበል። መኪና ቆመ መሰለኝ፣ ና እየው። አራት ናቸው። ደብተር ይዘዋል።

ልዑልሰገድ፦ ቅጹን አምጪው። እስክሪብቶውንም።

ትርሲት፦ ምን ልታደርግ ነው? ልዑሌ፣ ከሰሉ እዚያው በር ጀርባ ነው፣ ገና አልተነሳም!

ልዑልሰገድ፦ እዚያው ይቀመጥ። አንድ ቁጥር ላይ «አልተፈጸመም» ብዬ ጽፌያለሁ። ለምን ካሉ እጅሽን አሳያቸዋለሁ። ስድስት ቁጥር ላይ «ዛሬ ተጀመረ»። ሌላው ላይ የነበረውን ስሜን ሰርዣለሁ።

ትርሲት፦ ቆርቆሮዋስ? እንዲህ ሆኖ አይሰጡህም እኮ። እንቅልፍ ያጣህባት ናት።

ልዑልሰገድ፦ ትቅር። ማታ ለሶስና ደውዪላትና ማሽኑን ትመልሰው። ውሃውን በርሜሉ ውስጥ ገልብጬዋለሁ፣ ጀሪካኑን ወደዚህ አቀብዪኝ... አይ፣ ተይው፣ እኔ አነሳዋለሁ።

ትርሲት፦ አንተ ሰው፣ ደረጃው ላይ ናቸው! ኮትህን ልበስና ተቀበላቸው እንጂ!

ልዑልሰገድ፦ በሩን ክፍት ትቼዋለሁ፣ ከወንበርሽ እንዳትነሺ። ፈጻሚው ማን ነው ካሉሽ ስምሽ ተጽፏል፣ ያንብቡት፤ የት ሄደ ካሉሽ ደግሞ ገና ሦስት ጀሪካን ይቀረዋል በያቸው።