ኬሬዳሽ ከየት መጣ

በእኛ ጊዜማ ኬሬዳሽ የሚባል ቃል አልነበረም ልጄ፣ ሰነፉ ሰነፍ ይባላል፣ ቸልተኛው ቸልተኛ ይባላል፣ አለቀ። አሁን የልጅ ልጆቼ «እገሌ ኬሬዳሽ ነው» ሲሉ እየሳቁ ነው፣ እንደ ሙያ። ታዲያ ቃሉ ከየት መጣ ብዬ ብጠይቅ አንዱ ከኦሮምኛ ነው ይለኛል፣ አንዱ ከፈረንጅ ነው ይለኛል። እኔ ግን ስማኝ፣ የመጣበትን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከጎረቤቴ ከእንድሪስ ማሳ ነው የመጣው።

እዚህ ግራና በምትባለው አገራችን ማሳ ውሃ የምናጠጣው በተራ ነው። ተራህ ሲደርስ አካፋህን ይዘህ ቦዩ ላይ ካልቆምክ ውሃው ወንዝ ይገባል፣ እስከ ስምንት ቀንም አታገኘው። ዘንድሮ ሽንኩርቴ ራስ ሊይዝ ሲል ባለቤቴን ዓይኗን አመማትና ወልዲያ ላሳክማት ሆነ፣ ተራዬ ደግሞ በማግስቱ ነው። እና እንድሪስን፣ አደራ፣ ውሃዬን ማሳዬ ላይ ልቀቅልኝ አልኩት። ይሂዱ አባባ፣ ምን ያስጨንቅዎታል አለኝ፣ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ ሽንኩርቱ አንገቱን ደፍቷል፣ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። እንድሪስ ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ጫቱን ይቅማል። ውሃውስ ስለው እንቅልፍ ጣለኝ አለ፣ እና ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ እንዲህ ቃሉን እየጎተተ፣ «ምን አለበት አባባ፣ ሽንኩርት ነው እንጂ ሰው አልሞተ።» ወላሂ ደሜ ፈላ። ዓመቱን የምንኖረው በሽንኩርቱ ነው።

ታዲያ አልተሳደብኩም፣ ቤቴም አልገባሁ፣ በዚያው እግሬ ተራ የሚያደላድለው የውሃ አባት ዘንድ ሄድኩ። ወጋችን የታወቀ ነው፣ የውሃ አደራ የበላ ሰው የራሱን ተራ ይሰጣል። የእንድሪስ ተራ በነጋታው ነበርና ለእኔ ተፈረደ። ሽማግሌ ላከብኝ፣ እምቢ። እናቱን ላከብኝ፣ እሷን አከብራታለሁ፣ አሁንም እምቢ።

ጠዋት ቦዩ ላይ ቆሜ ሳለ ራሱ መጣ። እሱ የተከለው ቲማቲም ነው፣ ውሃ ካላገኘ አበባውን ሊያረግፍ ነው። «አባባ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ልጆቼ የሚበሉት ከእሱ ነው» አለኝ። አንጀቴን በላው፣ አልዋሽህም። ግን አካፋዬን ሰጠሁትና «የእኔ ጠጥቶ እስኪጠግብ እዚህ ትቆማለህ፣ የተረፈው ያንተ ነው» አልኩት። ቆመ። እስከ ቀትር አልተቀመጠም፣ እያንዳንዱን መደብ እያየ ነው ያጠጣው። አልሐምዱሊላህ፣ የእኔም ግማሹ ዳነ፣ የእሱም ግማሹ ዳነ።

እና ትርጉሙን ከጠየቅከኝ፣ ኬሬዳሽ ማለት የራሱ ቲማቲም ያልተጠማበት ሰው ማለት ነው።