የጋራው ሙቀት

እንኳን በደህና ተመለሽ እታለም! ሕፃኑ እንዴት ነው? ጥርስ ማውጣት ጀመረ? ይደግልሽ። ወንበርሽን ጠጋ አድርጊልኝማ... ድምፄን ዝቅ ላድርግ? ለምን ብዬ! ከግርዶሹ ማዶ የተቀመጠ ሰው ቢሰማኝስ፣ የማወራው ስለ ደግ ሰው አይደል?

በወሊድ እረፍትሽ ስንቱ አመለጠሽ መሰለሽ! አንድ ሰው አለ... 'የእኔ' ማለት የማያውቅ። ለጫጩት ማስፈልፈያው በፓይተን የጻፍነው ፕሮግራም ትዝ ይልሻል? ለእንቁላሎቹ የተወሰነው ሙቀት በአንድ የጋራ የፕሮግራም ክፍል፣ በሞጁል ውስጥ ተቀምጦ፣ ማሞቂያውም ደወሉም ያንኑ ቁጥር እያነበቡ አልነበር የሚሠሩት? ታዲያ ይኸ ደግ ሰው የማጽጃውን ሞጁል ሲጽፍ፣ የታጠበች ባዶ ማሽን ቶሎ እንድትደርቅለት ሙቀት አስፈለገው። ሌላው ስስታም ቢሆን እዚያው ሞጁሉ ውስጥ የራሱን ቁጥር ያበጅ ነበር። እሱ ግን ሆዱ አይችልም! የጋራውን ከፍ አደረገው። ለአንዷ ባዶ ማሽን የታሰበው ለሁሉም ተዳረሰ... እንቁላል ለሞላባቸውም። ደወሉ እንኳ ዝም። ምን ብሎ ይጩህ? እሱም የሚያነበው ያንኑ ቁጥር ነዋ! እንዲህ ያለ መተባበር የት አይተሻል?

ጠዋት ትሪዎቹ ሲከፈቱ እንቁላሉ በሙሉ በስሏል።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ነበር የሚባለው? እኛ ቤት እሾሁ ለጫጩት ጠባቂዋ ደረሳት። ደጉ ሰው በስብሰባው ላይ «ማሽኑን ነካክታው ይሆናል» አለ። ይሆናል ነው ያለው... ዋሸ እንዳትዪኝ! ሴትዮዋ «በልጆቼ እምላለሁ፣ አልነካሁም» እያለች፣ እንባዋ ጠብ ጠብ እያለ ቁልፏን አስረክባ ወጣች። በሩን ማን ከፈተላት? እሱ! እንዴት ያለ ጨዋ ነው ባክሽ?

ከዚያማ ሙቀቱን ከፍ ያደረገችውን ያቺን የኮድ መስመር ቀስ ብሎ አጠፋትና «ፕሮግራሙን አሻሽያለሁ» አለን። አጨበጨብን። የቡድን መሪ ተደረገ። ትሕትናው ደግሞ! ምኑን እንዳሻሻለ ሲጠየቅ ውለታውን መዘርዘር አይወድም...

እኔ መቼም ነገር አልወድም። የሴትዮዋ እንባ ግን ሆዴን በላኝ። ትናንት የድሮውን ኮድ በባዶዎቹ ማሽኖች ላይ አስነሳሁት። ማጽጃው ሥራ ሲጀምር የአንዷ ብቻ መሰለሽ? የሁሉም ሙቀት ተያይዞ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ አጠገቤ ቆሞ ነበር... እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ እኔው ጠርቼው ይሆናል። ይሆናል ነው ያልኩት! ስልኩን አውጥቶ ሴትዮዋ ጋ ደወለና «ይቅርታ አድርጊልን፣ ነገ ግቢ» አላት። እኔ ማንን ከሰስኩ? ማሽን ነው ያስነሳሁት።

ከማዶ የሚስለው ማነው? ውሃ አቀብዪው እስቲ፣ ምስኪን። ነገ ሥራ አስኪያጁ ሴትዮዋ ባለችበት ሁላችንንም ይሰበስበናል። በሩን የሚከፍትላት ሰው ከወዲሁ ቢዘጋጅ አይሻልም?

አሜን እያልሽ ተቀበዪኝ እታለም... ያንን ደግ ሰው ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ከፍ ከፍ ያድርግልኝ። አንድ ቀን ጉልበት ሲከዳው፣ ቆሞ «እኔ አይደለሁም» ሲልም የሚያምነው ሲያጣ... ልክ እንደ እሱ ያለ አዛኝ ሰው ከጎኑ አይጥፋ።